የ1935ቱ ማዕቀብ ለሪያሊስቶች ይፈርድላቸዋል? (ጣሊያን፣ የመንግሥታት ማኅበርና የተገባ ቃል)

ሚዛን (ክሩን የከፈተ)

የዓለም አቀፍ ግንኙነት መማሪያዎች የኢትዮጵያን ጉዳይ ብዙውን ጊዜ በሁለት መስመር ያልፉታል። ማኅበሩ ጣሊያንን በማዕቀብ ሊያስቆም ሞከረ፣ አቃተው፤ ስለዚህ በመንግሥታት መካከል የሚገዛው ጉልበት እንጂ ግብረገብ አይደለም። እንዲህ የሚሉት ሪያሊስቶች ይባላሉ። በዚህች «ስለዚህ» ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ታጭቀዋል። አንዱ ገላጭ ነው፦ መንግሥታት የሚንቀሳቀሱት በጥቅማቸው ነው። ሁለተኛው ፈራጅ ነው፦ እንዲያ መሆኑም ተገቢ ነው፣ መሪ ለሌላ ሕዝብ ሲል የራሱን ሕዝብ ለአደጋ ማጋለጥ የለበትም። ሦስተኛው ስለ አሠራር ነው፦ የራሱ ጦር የሌለው ማኅበር የገባውን ቃል መፈጸም አይችልም። የመጀመሪያው እውነት ቢሆን እንኳ ሁለተኛው ከሱ አይወለድም፤ ሰው ይዋሻል ማለት መዋሸት ይገባል ማለት አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ ለብቻው በማስረጃ የሚፈተን ነው።

ጥያቄዬ፦ ከኦክቶበር 1935 እስከ ጁላይ 1936 የሆነው ነገር ከሦስቱ የትኛውን ይደግፋል? ሰነዶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆኑ ቀኖቹን በዚያው እንጻፍ። አንቀጽ የሚጠቅስ ቁጥሩን ያስቀምጥ። «ኃያላኑ ከዱን» ብሎ ብቻ የሚያልፍ አስተያየት፣ ስሜቱ ቢገባኝም፣ ክሩን አያራምድልንም።

አንቀጽ16

መጀመሪያ የተገባው ቃል ምን ነበር የሚለውን እንያዝ። የማኅበሩ መመሥረቻ ሰነድ የሆነው የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 10 አባላት አንዱ የሌላውን ግዛትና ነፃነት ሊያከብሩና ከውጭ ወረራ ሊጠብቁ ቃል ይገባሉ ይላል። አንቀጽ 12 ጠብ ያላቸው አባላት ጉዳዩን ለግልግል፣ ለፍርድ ወይም ለምክር ቤቱ ሳያቀርቡ፣ ውሳኔ ከተሰጠም በኋላ ሦስት ወር ሳይጠብቁ ጦርነት እንዳይከፍቱ ይከለክላል። አንቀጽ 16 ደግሞ ይህን ጥሶ የዘመተ በሌሎቹ አባላት ሁሉ ላይ እንደዘመተ ይቆጠራል፣ እነሱም የንግድና የገንዘብ ግንኙነታቸውን ወዲያውኑ ያቋርጡበታል ይላል። ስለ ጦር ኃይል ግን ምክር ቤቱ የተሰጠው ሥልጣን አባላቱን ማሳሰብ ብቻ ነው።

ሲያነቡት ጥርስ ያለው ሕግ ነው። ጥርሱ የወለቀው በ1921 ነው። የዚያ ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ አንቀጽ 16ን ሲተረጉም፣ ቃል ኪዳኑ ተጥሷል አልተጣሰም የሚለውን እያንዳንዱ አባል ለራሱ እንዲወስን፣ ማዕቀቡም ደረጃ በደረጃ እንዲጠብቅ ተስማማ። እድርተኛው በየቤቱ ተቀምጦ «ሰውየው ሞቷል ወይስ አልሞተም» የሚለውን ለየራሱ ወስኖ ሲያበቃ መዋጮውን እንደፈቀደ የሚያወጣበት እድር አስቡ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነበር። ኦክቶበር 3 ቀን 1935 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ኦክቶበር 7 የምክር ቤቱ የስድስት አባላት ኮሚቴ ጣሊያን አንቀጽ 12ን ጥሳ ጦርነት መክፈቷን ሪፖርት አደረገ፣ ከጣሊያን በቀር ምክር ቤቱ ተቀበለው። በዚያው ሳምንት በጉባኤው 50 መንግሥታት ተስማሙ፤ ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪና አልባኒያ አልተባበሩም። ከዚያ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ አምስት ሐሳቦች አወጣ። የመጀመሪያው ለጣሊያን መሣሪያ እንዳይሸጥ፣ ለኢትዮጵያ ግን እንዲፈቀድ፤ ሁለተኛው ብድር እንዳይሰጣት፤ ሦስተኛው ከጣሊያን ዕቃ እንዳይገዛ፤ አራተኛው የተወሰኑ ጥሬ ዕቃዎች እንዳይሸጡላት፤ አምስተኛው በማዕቀቡ የሚጎዱ አባላት እንዲረዳዱ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ኖቬምበር 18 ነው።

ወረራው በተጀመረ በሳምንቱ 50 መንግሥታት አንድን የምክር ቤቱን ቋሚ አባል ጥፋተኛ ማለታቸው ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነው። ማኅበሩ ምንም አላደረገም የሚል ሰው ይህን ፋይል ገልጦ አላየውም።

ቀለም ቀንድ

ሪያሊስቱን ወገን ልያዝ፣ ካልሆነ ክሩ የአንድ ወገን ለቅሶ ይሆናል።

ሪያሊዝም ግብረገብ የለም የሚል ትምህርት ተደርጎ መሳሉ ስንፍና ነው። አሜሪካዊው የሃይማኖት ሊቅ ኒቡር በ1932 የጻፈው ግለሰብ ራሱን አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል፣ ቡድን ግን በተመሳሳይ መንገድ አይችልም ነው። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ዌበር በ1919 የለየው በጽኑ እምነቱ ብቻ የሚሠራን ሰውና ሥራው ለሚያስከትለው ነገር የሚጠየቅን ሰው ነው። ሁለቱም ስለ ግብረገብ ነው የሚናገሩት። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ካርም በ1939 ስለ ማዕቀብ የደረሰበት መደምደሚያ የኢኮኖሚ መሣሪያ ከኋላው የጦር መሣሪያ ዝግጁ ሆኖ ካልቆመ ከንቱ ነው፣ ወይ ሁሉንም ነው ወይ ምንም ነው የሚል ነው። ይህን የጻፈው በኢትዮጵያ ላይ ስላሾፈ አይደለም። ግማሽ ማዕቀብ ተበዳዩን ሳያድን በዳዩን አስቆጥቶ ወደ ሌላ ወዳጅ እንደሚገፋው አይቶ ነው።

ከፓሪስ ሆናችሁ እዩት። ሂትለር በማርች 1935 የግዳጅ ውትድርናን መልሷል። በኤፕሪል ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ስትሬዛ ላይ ተሰብስበው በጀርመን አንጻር ቆመዋል። በጁን እንግሊዝ ፈረንሳይን ሳታማክር ከጀርመን ጋር የባሕር ኃይል ስምምነት ፈርማለች። ፈረንሳይ በአልፕስ ድንበሯ ላይ ጣሊያንን ጠላት ብታደርግ በራይን በኩል ያላት ጦር ይሳሳል። መንግሥት የሕዝቡ ባለአደራ ነው፣ በአደራ የተቀበለውን ደግሞ ለሩቅ ሰው አይመጸውትም። ይህ ግብረገባዊ መከራከሪያ ነው፣ ከነክብደቱ መመለስ አለበት።

ሰገነት

የባለአደራነቱ መከራከሪያ ከባድ ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ይሰነጠቃል።

አንደኛ፣ አንቀጽ 10 እና 16 ላይ የፈረመው ያው ባለአደራ ነው። ሞግዚት በልጁ ስም ውል ገብቶ፣ በውሉ ለ15 ዓመት ተጠቅሞ፣ መክፈያው ሲደርስ «እኔ የልጁን ንብረት ነው የምጠብቀው» ሊል አይችልም። ምጽዋት የሰጪው በጎ ፈቃድ ነው፣ ዕዳ ግን አይደለም። ቀለም ቀንድ ሁለቱን አንድ ላይ አስሯቸዋል። ኢትዮጵያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 አባል ስትሆን ግዴታውን ተሸክማ፣ መብቱንም ይዛ ነው የገባችው።

ሁለተኛ፣ ባለአደራው የአደራ ሰጪውን ፈቃድ አላውቅም ማለት አይችልም። እንግሊዝ አገር በጁን 1935 ውጤቱ በተነገረው የሰላም ድምፅ አሰጣጥ በተባለው መንግሥታዊ ያልሆነ የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ወደ 11.6 ሚሊዮን ሰው ተሳትፏል። በወራሪ ላይ የኢኮኖሚ እርምጃ ይወሰድ ያለው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው፣ ካስፈለገ በጦርም ያለው ወደ 6.8 ሚሊዮን ነው። በኖቬምበር 14 ምርጫም መንግሥት ያሸነፈው ማኅበሩን እደግፋለሁ ብሎ ነው። ስለዚህ ለንደን ላይ «ሕዝቡ አልፈለገም» የሚል መውጫ የለም። ፓሪስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱን እተውላችኋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን የጁላይ 1935ቱ የመሣሪያ ዕገዳ ነው። ከወረራው በፊት እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መላክ ከለከለች። ወረቀቱ ላይ ሚዛኑ እኩል ነው። ጣሊያን የራሷ አውሮፕላን፣ መድፍና የመርዝ ጋዝ ፋብሪካ አላት፤ ኢትዮጵያ ጥይቷን ሁሉ ከውጭ ነው የምትገዛው። ዕገዳው የነካው አንዷን ብቻ ነው። እኩል ያልሆኑትን እኩል ማስተናገድ ገለልተኝነት አይባልም፣ ለጠንካራው ማዳላት ነው። የተነሣውም ኦክቶበር ላይ፣ ጦሩ መረብን ከተሻገረ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተገዛ መሣሪያ በጂቡቲ በኩል ገብቶ፣ በሰው እጅ ደርሶ፣ አተኳኮሱም ተለምዶ ግንባር እስኪሰለፍ ስንት ወር እንደሚወስድ አስሉት።

ጉደኛው

ስዊዝስ? ቦዩን ቢዘጉት አንድ ወታደር አያልፍም ነበር ይባላል። ይቻል ነበር?

አንቀጽ16

በአቅም ይቻል ነበር፣ የእንግሊዝ ጦር እዚያው ነበረ። በሕግ በኩል እንዲህ ነው። የ1888 የቁስጥንጥንያ ስምምነት ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለማንኛውም አገር የንግድና የጦር መርከብ ክፍት ይሁን ይላል። እንግሊዝ ይህን ይዛ እጄ ታስሯል አለች። በሌላ በኩል የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 20 ከቃል ኪዳኑ ጋር የሚጋጭ በአባላት መካከል የተደረገ ውል ሁሉ ይሽራል፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያንም የሁለቱም ፈራሚዎች ናቸው። ላይ በጠቀስኩት አንቀጽ 16 መሠረት ጣሊያን በሁሉም ላይ ጦርነት እንደከፈተች ተቆጥራለች። ስለዚህ የሕጉ ክርክር ቢያንስ ለሁለቱም ወገን ክፍት ነበር።

ክርክሩን የዘጋው ግን ሕግ አይደለም። የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ሴፕቴምበር 10 ቀን 1935 ጄኔቫ ላይ ተገናኝተው የጦር እርምጃ፣ የባሕር ከበባም የቦዩ መዘጋትም እንደማይነሣ ተስማምተው ነበር፤ ይህን በዲሴምበር መጨረሻ ለፈረንሳይ ምክር ቤት የተናገረው ላቫል ራሱ ነው። በማግሥቱ ሴፕቴምበር 11 ሆር ጉባኤው ፊት ቆሞ አገሩ ወረራን ሁሉ በጽናትና በጋራ ለመመከት ከማኅበሩ ጋር እንደምትቆም ተናገረ። ትናንሽ አገሮች አጨበጨቡ። በመካከል የጣሊያን መርከቦች የቦዩን ክፍያ እየከፈሉ ያልፉ ነበር።

ናፍታ

ማዕቀቡን «ደካማ» ብሎ መተው በቂ አይደለም፣ ዝርዝሩን ማየት ነው። አራተኛው ሐሳብ የከለከለው ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝ፣ ክሮምየም፣ የብረት ማዕድን፣ ቁርጥራጭ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ እንዲሁም በቅሎ፣ ፈረስ፣ አህያና ግመል ነው። ያልከለከለው ነዳጅ ዘይት፣ የድንጋይ ከሰል፣ ድፍድፍ ብረትና የተሠራ አረብ ብረት ነው። አሉሚኒየምን ጣሊያን ራሷ ከፍላጎቷ በላይ ታመርት ነበር። ማዕድኑ ተከልክሎ ከማዕድኑ የሚወጣው ብረት ሲፈቀድ ገዢው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይገዛል፣ ትንሽ ይወደድበታል፣ ሌላ ምንም አይሆንም። የምርጫው መለኪያ «ጣሊያንን የሚጎዳው የቱ ነው» አልነበረም። መለኪያው አምራቾቹ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የማኅበሩ አባላት የሆኑበት ዕቃ የቱ ነው የሚል ነው። ዘይትና ከሰል በዚህ ወንፊት አላለፉም፣ አሜሪካና ጀርመን ውጭ ነበሩና።

የዘይቱ ማዕቀብ በመርሕ ደረጃ ኖቬምበር 6 ላይ ቀርቧል፣ ዲሴምበር 12 ሊታይ ነበር፣ ዘገየ። ከዚያ የባለሙያዎች ኮሚቴ ተሰየመና ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1936 ሪፖርት አደረገ፦ አባላቱ ሁሉ ቢያግዱና አሜሪካ ሽያጯን ከ1935 በፊት በነበረው ልክ ብትወስን፣ ማዕቀቡ ከ3 እስከ 3 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ይሠራል።

አሁን ቀኑን ቁጠሩ። ከፌብሩዋሪ 12 ብትጀምሩ 3 ወር ተኩል የሚያልቀው በሜይ መጨረሻ ነው፤ አዲስ አበባ የተያዘችው ሜይ 5 ነው። ዘግይቷል። ከዲሴምበር 12 ብትጀምሩ የሚያልቀው በማርች መጨረሻ ነው፤ የማይጨው ውጊያ ማርች 31 ነው። ያቺ የሁለት ወር መጓተት ናት የጦርነቱን ዕድሜ ያተረፈችው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፌብሩዋሪ ላይ የነበሩ ሰዎች ጦርነቱ በሜይ ያልቃል ብለው አልጠበቁም፣ ብዙዎቹ ክረምቱ ገብቶ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል ብለው ነው ያሰሉት። ስለዚህ «በፌብሩዋሪማ ማዕቀቡ ዋጋ አልነበረውም» ብሎ ሰዎቹን ነፃ ማውጣት አይቻልም፤ በነሱ ስሌት ዋጋ ነበረው።

ቀለም ቀንድ

ናፍታ ቁጥሩን አሳምሮታል፣ ግን «አሜሪካ ብትወስን» የምትለው ሐረግ ውስጥ ሙሉው ችግር ተቀምጧል። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አይደለችም። በኦገስት 1935 ያወጣችው የገለልተኝነት ሕግ የሚከለክለው መሣሪያ ነው፣ ዘይት የለበትም። መንግሥቷ ነጋዴዎችን በምክር ብቻ ተው አላቸው፣ ወደ ጣሊያን የሚሄደው ዘይት ግን ጨመረ። ሮማኒያ ወይም ኢራን ዘይታቸውን አቁመው ገበያቸውን ለቴክሳስ ቢያስረክቡ ለኢትዮጵያ ምን ጠቀሙ? ውጤት የሌለው መሥዋዕትነት ግዴታ ይሆናል ወይ?

በሌላ በኩል ሙሶሊኒ በ1938 ሙኒክ ላይ ለሂትለር «ዘይት ቢጨምሩብኝ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ በወጣሁ ነበር» ማለቱ በየጽሑፉ ይጠቀሳል። ይህን ለፍርድ አትጠቀሙበት። ከሦስት ዓመት በኋላ የተነገረ ፉከራም ሊሆን ይችላል፣ ደግሞም በ1935 ለንደን ውስጥ የነበረ ሰው ሊያውቀው አይችልም። ያን ጊዜ የሚታወቀው ሙሶሊኒ የዘይት ማዕቀብን እንደ ጦርነት እቆጥረዋለሁ ማለቱና በሜዲትራኒያን ያሉት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የፀረ አውሮፕላን ጥይት እጥረት ነበረባቸው የሚለው ነው። መሪ የሚዳኘው እጁ ላይ በነበረው ዕውቀት ነው።

ሰገነት

በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንስማማለን፣ ናፍታና ቀለም ቀንድ፣ ሁለታችሁም በዚያው መለኪያ ነው የመዘናችሁት። «ውጤት የሌለው መሥዋዕትነት ግዴታ ነው ወይ» የሚለው ግን ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ሁለት ዓይነት ሁኔታ አለ። በአንደኛው ሌላው ቢተባበርም ባይተባበርም ለኔ የሚሻለኝ መሸሽ ነው። በሁለተኛው ሌላው እንደሚተባበር ካመንኩ ለኔም መተባበር ይሻለኛል፣ ካላመንኩ ብቻ ነው የምሸሸው። ሪያሊስቶች የጋራ ደኅንነትን ሁልጊዜ እንደ መጀመሪያው ይሥሉታል። በ1935 ለትናንሽና መካከለኛ አገሮች ነገሩ ሁለተኛው ነበር። ዩጎዝላቪያ፣ ግሪክ፣ ሮማኒያ ከጣሊያን ጋር የነበራቸውን ንግድ አቁመው ተጎድተዋል፣ ነገ በነሱ ላይ የሚመጣ ወራሪ እንዳለ ስለሚያውቁ። የሸሸው ትንሹ አይደለም።

በሁለተኛው ዓይነት ሁኔታ ግዴታው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ «ሌሎች ሲወጡ ውጣ» የሚለው ነው፣ ይህ ቅድመ ሁኔታ ያለው ነው፣ እዚህ ላይ ቀለም ቀንድ ትክክል ነው፣ ብቻውን የሚወጣ አገር አይጠየቅም። ሁለተኛው «ሌሎች እንዳይጠራጠሩህ አድርግ» የሚለው ነው። ይህ ቅድመ ሁኔታ የለውም፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ለንደንና ፓሪስ የጣሱት ይህን ሁለተኛውን ነው፣ ስለዚህም አሜሪካን ወይም የጥይት እጥረትን መጥራት አያድናቸውም።

ማስረጃው የሆር ላቫል ዕቅድ ነው። ዲሴምበር 7 እና 8 ፓሪስ ላይ ተረቀቀ፣ የዘይቱ ጉዳይ ሊታይ አራት ቀን ሲቀረው። ከትግራይ ሰፊ ክፍል፣ ከደናክልና ከኦጋዴን ለጣሊያን እንዲሰጥ፣ ደቡቡ በስም ኢትዮጵያ ሥር ሆኖ የጣሊያን የኢኮኖሚና የሰፈራ ክልል እንዲሆን፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ ወደ አሰብ የምትወስድ ቀጭን መተላለፊያ እንዲሰጣት ይላል። ዲሴምበር 9 በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ። ሆር ዲሴምበር 18 ሥልጣኑን ለቀቀ፣ ኤደን በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ተተካ፣ ዕቅዱም ተቀደደ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ቡካሬስትና ቴህራን ያሉ ሰዎች መሪዎቹ ከጀርባ እየተደራደሩ እንደሆነ ካወቁ በኋላ ዘይታቸውን ለማቆም ምን ምክንያት ቀራቸው? ቀለም ቀንድ ሁሉም ይሸሻል ይለናል፤ ሁሉም እንዲሸሽ ያደረገው ግን በስም የሚታወቅ ሥራ ነው፣ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ቀለም ቀንድ

የሆር ላቫልን ዕቅድ እኔም አልከላከልም። ቢሆንም ማርች 7 ሂትለር ጦር እንዳይገባበት በውል ወደተከለከለው ራይንላንድ ሲገባ ፈረንሳይ ለኢትዮጵያ ሲሆን እንዲጠብቅ ያልፈቀደችውን ማዕቀብ በጀርመን ላይ ጠየቀች፣ እንግሊዝም እምቢ አለች። ሁለቱም ለየጥቅማቸው ነው የቆሙት። ገላጩ ሪያሊዝም እዚህ ጋ አልተነካም።

ሚዛን

ተነክቷል። ጥቅማቸውን ቢያውቁ ኖሮ እኮ ተጋግዘው ሁለቱንም ያቆሙ ነበር። «ጥቅም» የምትለዋ ቃል ከሆነ በኋላ በሆነው ነገር ሁሉ ላይ የምትለጠፍ ከሆነ ምንም አልገለጸችም። ማርች 2 ኤደን ሌሎች ከተስማሙ እንግሊዝ ለዘይት ማዕቀብ ዝግጁ ናት ብሎ ነበር፣ የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፍላንዳን ደግሞ መጀመሪያ አንድ የዕርቅ ጥሪ ይደረግ አለ። አምስት ቀን ቆይቶ ራይንላንድ ተያዘ። የትኛው ጥቅም ነው ይህን የሚተነብየው?

ትዕግሥት

ለማስተርስ ድርሰት ይህን ርዕስ ይዤዋለሁ። ከየት ልጀምር? ምን ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው?

ሚዛን

ከቲዎሪ አትጀምሪ። መጀመሪያ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሪ፦ በአንዱ ቀን፣ በሌላው «በዚያ ቀን ማን ምን ያውቅ ነበር»። ናፍታ የሠራው እሱን ነው። ያለዚያ ሠንጠረዥ የሚጻፍ የግብረገብ ፍርድ በኋላ ዕውቀት የተቃኘ ይሆናል። ቀጥሎ ግዴታውን ለባለቤቱ አካፍዪ። «ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ከዳ» የሚል ዓረፍተ ነገር ባለቤት የለውም፣ ፈታኝሽ ይሰርዘዋል። የእንግሊዝ ግዴታ፣ የሮማኒያ ግዴታ፣ አባል ያልሆነችው የአሜሪካ ግዴታ አንድ አይደሉም። ከዚያ በኋላ ነው ካርንና ካንትን የምትጠሪው።

በየድርሰቱ የማየው ስሕተት የሜሎስ ንግግር ነው። «ብርቱ የቻለውን ያደርጋል፣ ደካማ የግዱን ይቀበላል» የሚለውን የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ የቱሲዲደስ ትምህርት አድርገው ይጠቅሱታል። የተናገሩት ግን በሱ መጽሐፍ ውስጥ የሜሎስን ደሴት እጅ ስጡ የሚሉት የአቴና መልእክተኞች ናቸው። ታሪኩን ያነበበ ሰው ከዚያ ቀጥሎ አቴና ወደ ሲሲሊ ዘምታ ጦሯን እንዳስበላች ያውቃል። ካርንም ቢሆን ጉልበት ብቻ በቂ ነው እንዳለ አድርገሽ አታቅርቢው፣ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ፖለቲካ ያለ ግብረገብ እንደማይቆም ይከራከራል።

የጁን 30 ቀን 1936ቱን የንጉሠ ነገሥቱን ንግግር ደግሞ እንደ ትንቢት ሳይሆን እንደ መከራከሪያ አንብቢው። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሲያቋርጡት ቆይተው በአማርኛ ያቀረበው ንግግር አዛኝ ፍለጋ አይደለም። ጉዳዩን ከአንድ አገር መወረር አውጥቶ ወደ ጋራ ደኅንነትና ለትናንሽ መንግሥታት ወደተገባ ቃል ዋጋ ወሰደው። ብልህነቱ እዚያ ላይ ነው፣ ለአድማጩ የራሱን ጥቅም ነው ያሳየው። ከአራት ቀን በኋላ ጉባኤው ማዕቀቡ እንዲነሣ መንገዱን ከፈተ፣ ጁላይ 15 ተነሣ። ኢትዮጵያ ያቀረበችውን የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ጥያቄ ከራሷ በቀር የደገፈ አልነበረም።

አለቃ ብራና

ልጆች፣ ክርክሩ በሜይ 1936 አላበቃም፣ ዕውቅና የሚባለውን ጉዳይ ዘላችሁታል። ከ1932 ጀምሮ በጉልበት የተያዘ ግዛት ዕውቅና አይሰጠውም የሚል መርሕ ጃፓን በያዘችው በማንቹሪያ ምክንያት ተነሥቶ ነበር። ሜክሲኮ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይና፣ ኒውዚላንድና አሜሪካ ለጣሊያን ወረራ ዕውቅና አልሰጡም፤ አዲስ አበባ ላይ የሜክሲኮ አደባባይ የቆመው ስለዚህ ነው። ይህ ጉልበት የሌለው የቃል ነገር መስሎ ይታያል። ለንደን ፍርድ ቤት ውስጥ የሆነውን እዩና ፍረዱ።

ንጉሠ ነገሥቱ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሬዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት መክፈል የነበረበትን ገንዘብ ጠይቀው ከሰሱ። ጣሊያን ገንዘቡ የኔ ነው አለች። በጁላይ 1938 ዳኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈረዱ፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ መንግሥት ጣሊያንን አገሩን በተግባር የያዘች አድርጎ ቢቆጥርም በሕግ የሚያውቀው ንጉሠ ነገሥቱን ነበር። ይግባኝ ተባለ። ይግባኙ ሳይሰማ ኖቬምበር 1938 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የቻምበርሌን መንግሥት ለጣሊያን ሙሉ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ። ዲሴምበር ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው፣ ዕውቅናውም ወደ ኋላ ሄዶ ከ1936 መጨረሻ ጀምሮ እንደሚሠራ ቆጠረው። አንዲት ደብዳቤ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወጥታ የአንድን አገር ገንዘብ ከኪስ ወደ ኪስ አዛወረች። ዕውቅና ባዶ ቃል ቢሆን ኖሮ ሙሶሊኒ ሁለት ዓመት ሙሉ ባልለመነው።

ጉደኛው

አለቃ፣ እንግዲህ ይሄ ለሪያሊስት ነው ወይስ በሪያሊስት ላይ?

አለቃ ብራና

በሁለቱም። ሕጉን ያጠመዘዘው ጉልበት ነው፣ ጉልበት ደግሞ ሕጉን ለማጠመዘዝ መድከም ነበረበት።

ሰገነት

የአለቃን መንገድ እስከ 1966 ልቀጥለው፣ «ግዴታው ለማን ነው» የሚለው ጥያቄ እዚያ ተፈትኗልና። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ዘ ሄግ ከሰሱ። ክሱ ሁለቱ አገሮች በቀጥታ ተጎድተናል የሚል አይደለም። ከማኅበሩ ዘመን የመጣው የሞግዚትነት አደራ ሲጣስ የቀድሞ አባል የሆነ ሁሉ መጠየቅ ይችላል የሚል ነው። ጁላይ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ በጉዳዩ የመጠየቅ መብት የላቸውም ተባለ። በ1970 ያው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ለዓለም ሁሉ የሚገቡ ግዴታዎች እንዳሉ፣ ወረራን መከልከልም ከነሱ አንዱ እንደሆነ ጻፈ። በአራት ዓመት ውስጥ የተገለበጠውን ለካ፣ ትዕግሥት፣ ለድርሰትሽ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይሆናል።

ትዕግሥት

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 41 እና 42 (ማዕቀብንና የጦር እርምጃን የሚመለከቱት) የአንቀጽ 16ን ቀዳዳ ደፍነዋል ማለት ይቻላል?

አንቀጽ16

አንዱን ደፍነው ሌላውን ከፍተዋል። አንቀጽ 39 ወረራ መኖሩን የመወሰኑን ሥልጣን ከየአባሉ ወስዶ ለጸጥታው ምክር ቤት ሰጥቷል፣ ውሳኔውም በአንቀጽ 25 መሠረት ሁሉንም ያስገድዳል። የ1921 ችግር በዚህ ተዘግቷል።

የተከፈተው ድምፅ አሰጣጡ ላይ ነው። በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 15 የተከራካሪው ድምፅ አይቆጠርም ነበር። ጣሊያን የምክር ቤቱ ቋሚ አባል ሆና ኦክቶበር 7 ቀን ተቃወመች፣ ሪፖርቱ ግን አለፈ። በቻርተሩ አንቀጽ 27 ንኡስ አንቀጽ 3 ተከራካሪ ድምፁን እንዲያቅብ የሚገደደው በምዕራፍ 6 ስለ ሰላማዊ አፈታት ሲወሰን ነው። ማዕቀብና ጦር ያሉበት ምዕራፍ 7 ላይ ይህ ገደብ የለም፤ ወራሪው ቋሚ አባል ከሆነ በራሱ ላይ የሚቀርበውን ማዕቀብ እጁን አውጥቶ ይጥለዋል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ገልብጠሽ ከ1935ቱ ድምፅ አሰጣጥ ጋር አስተያያቸው፣ ከዚያ ቀለም ቀንድ የሚመልስልን ካለ ክሩ ክፍት ነው።